ማሞቂያ ከመግዛትሽ በፊት

ልጄ፣ አያት ላይ ቤት ልትገዙ መሆናችሁን ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ የደስታ ቤት ያድርግላችሁ። ባልሽ «ሰፈሩ ብርድ ነው፤ ሁለት ማሞቂያ እንግዛ፤ ለበጋው ደግሞ ኤሲ እናስገጥም» ማለቱንም ነግረሽኛል። እኔ ብሎኬት ከመደርደር ተነሥቼ ፎርማን እስክባል ዕድሜዬን በግንባታ ላይ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ከዚያ ሁሉ ዓመት የተረፈኝ አንድ ትምህርት ቢኖር፣ ቤት የሚሞቀውም የሚቀዘቅዘውም መጀመሪያ በአሠራሩ ነው፤ ማሽን የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው ገንዘቡን ይጨርሳል፤ ደኑን፣ ግድቡንና አየሩንም ያስከፍላል። ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት እነዚህን ዐሥር ነገሮች አንብቢ፤ ለባልሽም አንብቢለት።

1. ተራራውን እወቂ።

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በብርድና በማገዶ ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ እንጦጦ ላይ ከትመው ሳለ ቦታው ለመከላከል ቢመችም ብርዱና ነፋሱ ከባድ ነበር፤ ማገዶውም እየራቀ ሄደ። እቴጌይቱ ወደ ፍል ውሃው ሜዳ ወርደው በ1879 ዓ.ም አዲሲቱ ከተማ ተመሠረተች። እሷም ብዙ ሳትቆይ በዙሪያዋ ያለውን ዛፍ ጨረሰች። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ምኒልክ አዲስ ዓለም ወደሚባለው ቦታ ለመዛወር አስበው እዚያ ግንባታ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ያጸናት በዚያው ዘመን ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። የምድጃ ነገር ዋና ከተማን ሊያስነቅል የደረሰበት አገር ላይ ነው ቤት የምትገዢው።

አያት ደግሞ በዚያው የተራራ ሰንሰለት ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ከየካ ኮረብታዎች ሥር ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ነሽ። በበጋ ቀኑ ብሩህ ነው፤ ሌሊት ግን ሰማዩ ስለሚጠራ ምድሪቱ በቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ታጣለች። ቀዝቃዛ አየር ከባድ በመሆኑም ከኮረብታው ወደ ሜዳው ይወርዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ወደ 7 እና 8 ዲግሪ ሲወርድ፣ በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ 22 ዲግሪ ታገኛለሽ። የአያት ብርድ እንግዲህ የሌሊትና የማለዳ ብርድ ነው፤ ሙቀቱም ከሰዓት በኋላ መጥቶ ማታ የሚሄድ ነው። እንደ አውሮፓ ክረምት ለወራት ቀንና ሌሊት የሚቆይ ብርድ የለብሽም፤ እንደ ሰመራም ሌሊቱን የሚያቃጥል ሙቀት የለብሽም። የቀኑን ሙቀት ለሌሊት፣ የሌሊቱን ቅዝቃዜ ለቀን የሚያቆይ ቤት ካገኘሽ ግማሹን ጨርሰሻል።

2. ቤት ስታዪ መጀመሪያ ፀሐይዋን ጠይቂ።

ደላላው ስለ ሴራሚኩና ስለ ኪችን ካቢኔቱ ይነግርሻል። አንቺ ግን «የሳሎኑና የመኝታ ቤቱ መስኮት ወዴት ያያል?» በይ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ድረስ የእኩለ ቀን ፀሐይ በደቡብ በኩል ናት። የሌሊቱ ብርድ የሚበረታባቸው ወራት እዚያ ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ያለክፍያ የሚሠራ ማሞቂያ ነው።

አንድ የግንበኛ ስሌት ልጨምርልሽ። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይዋ 58 ዲግሪ ገደማ ላይ ትቆማለች። ከደቡብ መስኮት በላይ 50 ሳንቲ ሜትር የወጣ ክፈፍ ካለ ጥላው ወደ ታች የሚወርደው 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው መስኮት ፀሐይ ይጠጣል። በመጋቢት መጨረሻ ግን ፀሐይዋ አናት ላይ ልትደርስ ጥቂት ስለሚቀራት ያው ክፈፍ በመስኮቱ በሙሉ ላይ ያጠላል። ብርድ ሲሆን የሚያስገባ፣ ሙቀት ሲሆን የሚከለክል፣ ቆጣሪ የማይቆጥርበት ነገር ይህ ነው።

የምዕራብ መስኮት ላይ ግን ተጠንቀቂ። ከየካቲት እስከ ግንቦት ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ስለምትገባ ክፈፍ አያቆማትም። «ኤሲ ካልገባ አንኖርም» የሚሉ ሰዎችን ቤት ብታዪ ብዙ ጊዜ ሰፊ መስታወቱ ወደ ምዕራብ ያየ ሆኖ ታገኚዋለሽ። መድኃኒቱ ከውጭ የሚደረግ ጥላ ነው፤ ሸራ፣ ሸምበቆ፣ ሐረግ ወይም ዛፍ። ከውስጥ የተሰቀለ መጋረጃ መስታወቱን አልፎ የገባውን ሙቀት መልሶ አያስወጣውም።

3. ከግድግዳው ይልቅ ጣሪያውን ፍሪ።

አያቶቻችን የሠሩት የጭቃ ቤት ጭድ የተቦካበት ወፍራም ግድግዳ ነበረው። ቀን ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ሌሊት ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። የዛሬው 20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው። ፈጥኖ ይሠራል፣ ዋጋውም ይቀንሳል፤ ሙቀት በመያዝ ግን ያን ያህል አይደለም። ከሁሉ የሚብሰው ቆርቆሮው ነው። ኮርኒስ ከሌለው ወይም ኮርኒሱ ስስ ከሆነ በቀን እሳት ያወርዳል፣ በሌሊት የቤቱን ሙቀት ሁሉ ወደ ሰማይ ይሰዳል። የኮንዶሚኒየም የመጨረሻ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁታል።

ስለዚህ ለማሞቂያ ያሰብሽውን ገንዘብ መጀመሪያ ለኮርኒሱ አውዪው። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል እሳት የማይቀበል የሙቀት መከላከያ ንጣፍ ይደረግ፤ የአየር ማስተላለፊያ ቀዳዳም ይተውለት። አንድ ጊዜ ያወጣሽበት ለብርዱም ለሙቀቱም በየዓመቱ ያገለግልሻል። ከሲኤምሲ ወደ አያት ስትመጪ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉትን መስታወት የለበሱ ሕንፃዎች ተመልክተሽ «እንደዚያ ይሁንልኝ» እንዳትይ። ያ መስታወት ቀን ምድጃ፣ ሌሊት በረዶ ቤት ነው፤ ውስጡ ኤሲ የሚጠፋበት ጊዜ የሌለውም ለዚሁ ነው።

4. ቀዳዳውን ድፈኚ፣ ትንፋሹን ግን ተዪለት።

በአሉሚኒየም መስኮቶች ጠርዝና በበሮች ሥር የሚገባው ነፋስ የሌሊቱን ብርድ እጥፍ ያደርገዋል። ቀዳዳው እያለ ማሞቂያ ማብራት በሚያፈስ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ነው። በጠርዙ ላይ የሚለጠፍ ስፖንጅ፣ ለበሩ ሥር ወፍራም ጨርቅ፣ ለወለሉ ምንጣፍ፣ ለመስኮቱ እስከ መሬት የሚደርስ መጋረጃ በቂ ነው። መጋረጃውን ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ግለጪው፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ሳይመሽ ዝጊው።

የበጋው ሙቀት ሲመጣ ደግሞ ግልባጩን አድርጊ። በቀን መስኮትና መጋረጃ ይዘጋ፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ፊት ለፊት ያሉ ሁለት መስኮቶች ተከፍተው አየሩ ይተላለፍ። በአያት ከፍታ የማታው አየር ማንም ማሽን ሠርቶ ከሚሰጥሽ የተሻለ ቅዝቃዜ አለው።

5. ከክፍሉ በፊት ሰውነትሽን አሙቂ።

የደጋ ሰው በዚህ ነገር ከማንም መማር አያስፈልገውም። ጋቢ አለ፣ ቡልኮ አለ፣ የመንዝ ባና አለ፣ በርኖስ አለ፤ ደብረ ብርሃን ላይም የብርድ ልብስ ፋብሪካ ተተክሏል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለውም ያለምክንያት አይደለም፤ ሰውነት የሚሞቀው ከሚበላውም ነው። አራት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ ክፍልን ሙሉ አየር ከማሞቅ አንድ ሰው ማሞቅ እጅግ ይቀልላል። ሙቅ ውሃ የተሞላ የጎማ ከረጢት እግርጌ አስገብቶ መተኛት ማሞቂያ ሌሊቱን ሲያነድድ ከማደር የሚሻል እንቅልፍ ይሰጣል። ይህን የምልሽ ብርድ ቻዪ ለማለት አይደለም። ሕፃናትና ሽማግሌዎች ብርድ መቻል የለባቸውም፤ ለእነሱ ማሞቂያ ማብራት ተገቢ ነው።

6. የከሰል ፍም ይዘሽ በር አትዝጊ።

ከዐሥሩ ምክር አንዱን ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይህን ያዢ። በየዓመቱ በተለይ በክረምትና በበዓል ሰሞን ከሰል አንድደው በዝግ ቤት የተኙ ሰዎች በዚህች ከተማ ይሞታሉ። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽንም በየጊዜው ያስጠነቅቃል። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው፤ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ኦክስጅን በደማችን ውስጥ የሚቀመጥበትን ቦታ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበረታ ኃይል ይይዛል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ጭሱ እስኪያልቅ ውጭ አቆይቼዋለሁ፤ አሁን ፍም ብቻ ነው» ብሎ ነው። ጭሱ ሲያልቅ አደጋው አያልቅም፤ ቀይ ፍሙ ራሱ ጋዙን ያወጣል። በተለይ የአራስ ቤት ላይ እንዳትዘናጊ። አራስን ብርድ እንዳይመታት ተብሎ መስኮቱ ሁሉ ተደፍኖ ከሰል ሲገባ እናትና ሕፃን ይታፈናሉ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ጉልበት መክዳት ከተሰማሽ በሩን ከፍተሽ ውጪ፣ ሌላውንም አውጪ፣ ሐኪም ቤት ሂዱ። ሎሚ ማሽተትና ፊት ላይ ውሃ መርጨት ጊዜ ማጥፋት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ቡናውንም ቢሆን መስኮት ከፍተሽ ወይም በረንዳ ላይ አፍዪ።

ከጤናው ሌላ ዛፉ አለ። በአፈር ተሸፍኖ በሚከሰል እንጨት አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከአምስት ኪሎ በላይ እንጨት ይሄዳል። አንድ ማዳበሪያ ከሰል በርሽ ላይ ሲራገፍ ከስምጥ ሸለቆ የመጣ የግራር ዛፍ ሊሆን ይችላል። ከእንጦጦ እስከ ሽሮ ሜዳ ጎብጠው እንጨት የሚያወርዱትን ሴቶች ለዘመናት አይተናቸዋል፤ የሚያወርዱት የእኛን ምድጃ ነበር። ይሁንና ከሰል የምታነድ ጎረቤትሽን እንዳትወቅሺ። መብራት በሄደ ቁጥር ሌላ ምን ታድርግ? ብትችዪ እንደ ላቀች ያለ ከሰል ቆጣቢ ምድጃ ስጦታ ውሰጂላት።

7. የኤሌክትሪክ ማሞቂያውን በስሌት አብሪ።

ማሞቂያ መጥፎ ነው አልልም። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ የሚገኝ ነው፤ ጥቂቱም ከነፋስ። ድንጋይ ከሰል አንድደው መብራት ከሚያመነጩ አገሮች ጋር ሲተያይ እኛ በረከት አለን። ነገር ግን ውሃም ያልቃል። በ2001 ዓ.ም የግድቦቹ ውሃ ቀንሶ መብራት በፈረቃ ስናገኝ የነበረበትን ጊዜ አንቺ ልጅ ስለነበርሽ አታስታውሺውም ይሆናል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 5150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ሆኖም ግድቡ ባለበት ጉባ የመነጨው ኃይል አያት የሚደርሰው በሰፈርሽ ትራንስፎርመር በኩል ነው። ትራንስፎርመሩ ደግሞ ምሽት 1 ሰዓት ላይ ምጣዱን፣ ስቶቩንና የውሃ ማሞቂያውን ሁሉ ይሸከማል።

ስሌቱ ይህ ነው። 2000 ዋት ማሞቂያ በቀን ለ4 ሰዓት ቢበራ 8 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ በወር 240። በዚያው 8 ኪሎዋት ሰዓት ባለ 10 ዋት አምፖል 800 ሰዓት ያበራል። ታሪፉም እንደ ፍጆታሽ ደረጃ ከፍ ስለሚል፣ ካርድ በሞላሽ ማግሥት ሲያልቅ ቆጣሪውን አትጠርጥሪ። ማሞቂያውን ካስፈለገ ሰው ባለበት አንድ ክፍል፣ በር ተዘግቶ፣ ከመተኛትሽ በፊት አንድ ሰዓት አብርተሽ አጥፊው። በዲቫይደር ላይ ከምጣድ ጋር አትሰኪው፤ ገመዱ ይቀልጣል፣ እሳትም ይነሣል። መብራት ሲሄድ ማሞቂያ ለማስነሣት ብሎ ጀነሬተር ማንደድ ደግሞ ናፍጣ ለጎረቤት ሳንባ ማካፈል ነው።

8. የቤትሽ ትልቁ ማሞቂያ ሻወር ቤት ነው።

ሰው ስለ ክፍል ማሞቂያ ይጨነቃል፤ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራውን ቦይለር ግን ይረሳዋል። ለአንድ ሰው 40 ሊትር ውሃ ከቧንቧው ቅዝቃዜ ወደ ገላ መታጠቢያ ሙቀት ለማድረስ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። አራት ሰው ያለበት ቤት በየቀኑ አራት ነው። ቦይለሩ ሌሊቱን በርቶ ካደረ ማንም ሳይታጠብ የሚባክነው በላዩ ላይ ይደመራል። ልትታጠቡ ስትሉ አብሩት፣ ስትጨርሱ አጥፉት፤ ሙቀቱንም እስከ መጨረሻ አታዙሩት።

ከሁሉ የሚሻለው ግን የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ነው። ብርድ የሚበረታባቸው ወራት ራሳቸው ሰማይ የሚጠራባቸው ወራት ናቸው፤ ይህ ለአዲስ አበባ የተሰጠ ዕድል ነው። ቪላ ከገዛሽ ጣሪያሽ ላይ ወደ ደቡብ አዙረሽ ትከዪው። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ጣሪያው የጋራ ስለሆነ በሕንፃው ማኅበር ስብሰባ ላይ አንሺው። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ሲበዛ ኤሌክትሪኩ ይረዳዋል።

9. ኤሲ ለሚያስፈልገው አገር ተዪለት።

ድሬዳዋ፣ ጋምቤላ፣ ሰመራ ያለ ሰው ኤሲ ቢገዛ ቅንጦት አይደለም። በዓለም ላይ ከሚመነጨው ኤሌክትሪክ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋው ለኤሲና ለቬንትሌተር የሚውል ነው፤ ብዙ ሰው የሚያበራው አማራጭ ስላጣ ነው። አያት ላይ ግን አማራጭ አለሽ፤ የምዕራቡን መስኮት ማጥላት፣ ማታ መስኮት መክፈት፣ ግፋ ቢል አንዲት ቬንትሌተር።

የኤሲ ጉዳት ከሚበላው መብራት ብቻ አይመጣም፤ በውስጡ ከሚዞረው ጋዝም ነው። አር-22 የሚባለው የቀድሞ ጋዝ የኦዞንን ሽፋን የሚጎዳ በመሆኑ በሞንትሪያል ስምምነት እየተወገደ ነው። የተካው አር-410ኤ ኦዞንን ባይነካም አንድ ኪሎው አየር ላይ ቢለቀቅ ምድርን በማሞቅ ረገድ ከሁለት ሺህ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ይተካከላል። በጥቅምት 2009 ዓ.ም መንግሥታት ኪጋሊ ላይ ተሰብስበው እነዚህንም ጋዞች ደረጃ በደረጃ ለመቀነስ የተስማሙት ለዚህ ነው።

የጋዙ ነገር ፍሪጅሽንም ይመለከታል። ሠራተኛው መጥቶ «ጋዙ አልቋል፣ እንሙላው» ካለሽ፣ ጋዝ በዝግ ቱቦ ውስጥ ስለሚዞር ተጠቅመንበት አያልቅም፤ አፍስሶ ነው። ቀዳዳው ሳይበየድ መሙላት ገንዘብሽንም ጋዙንም አየር ላይ መበተን ነው። አዲስ ፍሪጅ ስትገዢ ከጀርባው አር-600ኤ የሚል ጽሑፍ ፈልጊ፤ በአየር ንብረት ላይ ያለው ጫና እጅግ አነስተኛ ነው። የግድ ኤሲ ከገዛችሁ ደግሞ ማሞቅም የሚችለውን ኢንቨርተር ምረጡ። ከውጭው አየር ሙቀት ስቦ በአንድ እጅ ኤሌክትሪክ ሦስት እጅ ያህል ሙቀት ስለሚያስገባ፣ ከተራው ማሞቂያ ይልቅ መብራት ይቆጥባል፤ ያን ጊዜ ሁለት ዕቃ መግዛት አያስፈልግም።

10. ዛፉን በትክክለኛው ጎን ትከዪ።

ግቢ ካለሽ ዛፍ በምዕራብ በኩል ይሁን፤ የከሰዓቱን ፀሐይ ይመልስልሻል። ደቡቡን ግን ክፍት ተዪው፤ የታኅሣሥን ፀሐይ አትከልክዪ። ባሕር ዛፍ ከተማችንን እንዳዳነ ነግሬሻለሁ፤ ውለታውን አንክድም። ነገር ግን ውሃ በብዛት ይጠጣል፣ ሥሩ ሌላ ተክል አያስጠጋም፣ ለቤት አጠገብ አይሆንም። እንጦጦ ላይም ቢሆን ባሕር ዛፉ እየተነሣ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ እየተተካ ነው፤ በ2013 ዓ.ም የተከፈተውን ፓርክ ስትጎበኚ ልዩነቱን ተመልከቺ። ኮንዶሚኒየም ከገባሽም ከሕንፃው ምዕራብ ያለው ባዶ ቦታ ከመኪና ማቆሚያነት ያለፈ ጥቅም እንዳለው ለጎረቤቶችሽ ንገሪያቸው።

እንግዲህ ልጄ፣ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ፀሐይ፣ ቀጥሎ ጣሪያ፣ ከዚያ ቀዳዳ፣ ከዚያ ጋቢ፣ ከዚያ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ፤ ማሞቂያው በመጨረሻ። ለሁለት ማሞቂያና ለኤሲ የመደባችሁት ገንዘብ ኮርኒሱን አስጠግኖ ለአንድ ማሞቂያ ይተርፋል ብዬ አስባለሁ። ውል ከመፈረምሽ በፊት ቤቱን ሁለት ጊዜ እዪው፤ አንዴ ማለዳ 1 ሰዓት ላይ፣ አንዴ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ። በሁለቱም ሰዓት ሊቀመጡበት የማይቻል ቤት ከሆነ፣ ሴራሚኩ የቱንም ያህል ቢያምር አትግዢው።